እስከ ሐሙስ ከከተማ አትወጣም

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል፤ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት የሆነችው ረድኤት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ቃሏን ለመስጠት ተቀጥራ፣ የመካኒኩን የጋሽ በልሁን የቆርቆሮ ቢሮ ሳታንኳኳ ከፍታ ገብታለች።

ረድኤት፦ ፍሬኑ አልያዘም። ትናንት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ኮምቦልቻ ሊገባ ሲል ባለው የመጨረሻ መታጠፊያ ላይ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፤ ምንም የለም። መኪናዋ ፊት ለፊቷ የነበረ ባጃጅ ከኋላው ገጭታ ቦይ ገባች። የባጃጁ ሹፌር እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። እርስዎ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለው ሙዝ ይልጣሉ።

በልሁ፦ መጀመሪያ ሰላም ይባላል።

ረድኤት፦ ሰላም ብል ኖሮ ፍሬኑ ይይዝ ነበር?

በልሁ፦ ሙዙ ምሳዬ ነው። ሰውየው ደህና ነው?

ረድኤት፦ እግሩ ተሰብሯል እያልኩዎት! እንድሪስ ይባላል። ትናንት ባጃጅ ነበረው፤ ዛሬ ያለው የተጨማደደ ቆርቆሮ ነው።

በልሁ፦ እግዜር ይማረው።

ረድኤት፦ እግዜር የራሱን ሥራ ይሥራ፤ እርስዎ ይነሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ቃሌን እሰጣለሁ። አብረውኝ ይመጡና መኪናዬ ውስጥ ምን እንዳስገቡ ይናገራሉ።

በልሁ፦ ምን አስገባሁ?

ረድኤት፦ እሱን ነው የሚናገሩት።

በልሁ፦ አዲስ ጎሚኒ፣ የፍሬኑን ላስቲክ፣ አስገባሁ። የፍሬን ዘይቱን ቀየርኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሬ ሞከርኳት፣ ሰጠሁ። ይኼው ተናገርኩ። ደህና ዋይ።

ረድኤት፦ መርማሪው ዛሬ ጠዋት ፈቶ አይቶታል። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዘይቱን አፍና መያዝ ያለባት ያቺ ትንሽ ላስቲክ ጠርዟ አልቋል፤ በጥፍሩ ሲነካት ፍርፍር አለች። ፎቶዋ ይኼው፤ ይዩት።

በልሁ፦ ፎቶ ሁሉን ነገር ያስረጃል። የእኔን መታወቂያ ብታዪ አያቴ ይመስልሻል።

ረድኤት፦ እኔ ስምንት ሰዓት ሙሉ ላስቲክና ፕላስቲክ ስፈትሽ ነው የምውለው። አዲስ ላስቲክ በአንድ ከሰዓት እንዲህ አይሆንም። ይኼ ዓመታት የበላው ነው።

በልሁ፦ እንግዲያው ላብራቶሪሽ ይመስክርልሽ። እኔን ለምን ፈለግሽኝ?

ረድኤት፦ የፈለግኩዎትማ የዛሬ ሦስት ወር ነው። ታማኝ መካኒክ ብዬ ስንት ጋራዥ እንደዞርኩ ያውቃሉ?

በልሁ፦ ሦስት። እኔ አራተኛ ነበርኩ።

ረድኤት፦ ማን ነገረዎት?

በልሁ፦ መጀመሪያ የሄድሽበት፣ ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም ያለሽ ዘውዱ። አንቺ ተቆጥተሽ ስትወጪ ነው ነገሩ የገባው። ወዲያው ደወለ፤ ለእኔም፣ ለሌሎቹም። «አንዲት ቀጭን ልጅ ነጭ ኮሮላ ይዛ ትዞራለች፤ የካንዴላ ገመድ ራሷ ነቅላ ነው ሰውን የምትፈትነው፤ ተጠንቀቁ» አለ። ሌሎቹ አልሰሙትም፣ ወይም ስግብግብነታቸው በለጠባቸው። እኔ ሰማሁ።

ረድኤት፦ ያን ቀን ገመዱን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው «ሂጂ፣ ምንም የለባትም» ያሉኝ…

በልሁ፦ ባይደወልልኝም አውቅ ነበር። መኪናው የተበላሸበት ሰው ሞተሩን ያያል። አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ የእኔን ፊት ነበር የምታዪው።

ረድኤት፦ ስለዚህ ትወና ነበር።

በልሁ፦ ሥራ ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንቺ ደግሞ በማግስቱ ለመሥሪያ ቤትሽ ሰው ሁሉ አወራሽልኝ። በሬዲዮ ባስነግር እንዲህ አይሆንልኝም።

ረድኤት፦ ዘጠኝ ሰው ላክሁልህ! በስሜ፣ በአፌ!

በልሁ፦ አሥር። የፋይናንሷ ሴትዮ ባሏንም ልካለች። ምን አልሽ? «ላክሁልህ»? አንተ ሆንኩ?

ረድኤት፦ አዎ፣ አንተ። እርስዎ እል የነበረው ያንን ገመድ የሰካውን ሰውዬ ነበር። እሱ እንደሌለ አሁን ነገርከኝ።

በልሁ፦ የአባትሽ እኩያ ነኝ።

ረድኤት፦ አባቴ ፍሬን አይሠራም። ብትነሳ ይሻላል፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

በልሁ፦ እናንተ የተማራችሁ ሁላችሁም ታማኝ መካኒክ፣ ታማኝ መካኒክ ትላላችሁ። እኔ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ስቀመጥ አንድ ታማኝ ደንበኛ አላየሁም። ድንጋይ ላይ ወጥቶ የመጣው «ምንም አልነካኋትም፣ በራሷ ቆመች» ይላል። ከሁሉ ርካሹን እቃ ከገበያ ገዝቶ የሚያመጣው፣ ሲሰበር «አንተ አበላሽተኸው ነው» ይላል። አንቺ ደግሞ ገመድ ነቅለሽ ትመጫለሽ። ማን ነው ማንን የዋሸው?

ረድኤት፦ የእኔ ውሸት የሰው እግር አልሰበረም።

በልሁ፦ ስልክሽን አጥፊው።

ረድኤት፦ ለምን?

በልሁ፦ አጥፊውና ጠረጴዛው ላይ አድርጊው። ቃሌን ቀድተሽ እንድትሄጂ አልፈልግም።

ረድኤት፦ ይኼው። ጠፋ። ተናገር።

በልሁ፦ ጎሚኒው ከአዲስ አበባ አልመጣም። ሰኞ ይገባል ተባለ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ፣ ለሐሙስ ተላለፈ። አሮጌውን አጥቤ መለስኩት። ጊዜያዊ ነው። አለቀ። ደስ አለሽ?

ረድኤት፦ ይኼንኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደግመዋለህ።

በልሁ፦ አልደግመውም። እዚህ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው ያልኩት፤ እዚሁ ይቀራል።

ረድኤት፦ አሮጌ መሆኑን እያወቅክ መኪናዋን ከዚህ አስወጣሃት!

በልሁ፦ ማን ነው ያስወጣት? ትናንት ብቻ ስንት ጊዜ ደወልሽ?

ረድኤት፦ እኔ እንጃ። ሦስት፣ አራት።

በልሁ፦ ስምንት! መኪና ሥር ተኝቼ እጄ ዘይት፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ይጮኻል። «አለቀች? አሁንስ? ምን ቀራት?» መጨረሻ ላይ ምን አልሽኝ? «እንዴትም ብለው ዛሬ ያድርሱልኝ» አላልሽም?

ረድኤት፦ ብያለሁ። «እንዴትም ብለው» ማለት አሮጌ ከተው ይስጡኝ ማለት ነው?

በልሁ፦ በዚህ ሰፈር እንደሱ ማለት ነው።

ረድኤት፦ «እቃው አልመጣም፣ ሐሙስ ነይ» ማለት አትችልም ነበር? አራት ቃል ነው።

በልሁ፦ እችል ነበር። ከዚያ መኪናሽን በሰው አስጎትተሽ ሌላ ጋ ትወስጃለሽ። ፋብሪካ ገብተሽ ደግሞ «በልሁም እንደሌሎቹ ነው፣ እቃ የለውም፣ ያጓትታል» ትያለሽ። አሥሩም ሰው ይከተልሻል። አንቺ እንዴት እንደምታወሪ አይቻለሁ እኮ።

ረድኤት፦ ስለዚህ ስምህን ለመጠበቅ ብለህ ልትገድለኝ ነበር።

በልሁ፦ የሞተ የለም። ለከተማ ውስጥ ይበቃ ነበር፤ ገበያ ደርሶ ለመመለስ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ።

ረድኤት፦ ደሴ ውስጥ? ይኼ ከተማ ቁልቁለት የሌለው የት ጋ ነው? ያንተ ጋራዥ ራሱ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው!

በልሁ፦ ሐረጎና ፒያሳ አንድ አይደሉም። ሐረጎ እንዳትወርድ ተናግሬያለሁ።

ረድኤት፦ ለማን? ለእኔ? አንዲት ቃል አልነገርከኝም።

በልሁ፦ መኪናዋን ለወሰደው ሰው ተናግሬያለሁ።

ረድኤት፦ መኪናዋን የወሰድኳት እኔ ነኝ።

በልሁ፦ አንቺ?

ረድኤት፦ እኔ። ከዚህ ወሰድኳት፣ እኔው ነዳሁ፣ ለትራፊክም ይኼንኑ ነው የተናገርኩት።

በልሁ፦ እሺ። እኔ መካኒክ ነኝና ልጠይቅሽ። ፔዳሉ ሲወርድ እንዴት ነበር? ቀስ እያለ ሰመጠ፣ ወይስ አንዴ ዘጭ አለ?

ረድኤት፦ ወረደ አልኩህ።

በልሁ፦ አወራረዱን ነው የጠየቅኩሽ። ከዚያ በፊት የላላ ነገር ነበረው? ሁለት ሦስቴ ስትረግጪው ተመለሰ?

ረድኤት፦ ደንግጬ ነበር፤ አላስታውስም።

በልሁ፦ እጅ ፍሬኑንስ ሳብሽ?

ረድኤት፦ ሳብኩ።

በልሁ፦ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ከተበጠሰ ዓመት ሆኖታል። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ «ለሱ አይጨነቁ፣ ማርሽ አስገብቼ አቆማታለሁ» ብለሽ። የሚነዳት ሰው እጁን ወደዚያ አይሰድም።

ረድኤት፦ መርማሪ ሆንክ ደግሞ?

በልሁ፦ ከገባሽ ጀምሮ «ፔዳሉ ወረደ»፣ «መኪናዋ ገጨች»፣ «ቦይ ገባች» ነው የምትይው። አንድ ጊዜ እንኳ «ረገጥኩ» አላልሽም። ያልረገጥሽውን እንዴት ትያለሽ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውለሽ «ወንድሜ እየመጣ ነው፣ ቁልፉን ይስጡት» ስትዪኝ ከኋላሽ የፋብሪካው ማሽን ይጮህ ነበር፤ ድምፅሽን እንኳ በመከራ ነው የሰማሁት። ናሆም መጣ፣ ቁልፉን ሰጠሁት። ሲወጣ ያንን በርሜል ገጭቶ፣ ዘወር ብሎ ይቅርታም ሳይል ሄደ። ጎኑ ላይ ነጩ ቀለም አለልሽ፤ ውጪና እዪው።

ረድኤት፦ ዝም በል።

በልሁ፦ መንጃ ፈቃድ አለው?

ረድኤት፦ ዝም በል አልኩህ።

በልሁ፦ የለውም። ሁለቴ ወድቋል። በርሜሌን ሲገጨው ነው ያወቅኩት፤ እሱም አልካደኝም። እና ትናንት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንቺ የት ነበርሽ?

ረድኤት፦ ሥራ ላይ። አሁን ምን ይሁን?

በልሁ፦ ምንም አይሁን። እውነት ልንነጋገር ብለሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ።

ረድኤት፦ «ና ውሰደኝ» አልኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምወጣው፤ ታክሲ ወረፋው አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መቆም ሰለቸኝ። ቀስ ብለህ ና አልኩት። አደጋው የደረሰው ከፋብሪካው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲደውልልኝ በሞተር ሳይክል በረርኩ፤ ከትራፊኮቹ ቀድሜ ደረስኩ። እሱን በመጣ ሚኒባስ ወደ ደሴ ሰደድኩትና «እኔ ነኝ የነዳሁት» አልኩ። እንድሪስ የተመታው ከኋላ ነው፤ ማን እንደነዳ አላየም።

በልሁ፦ ይኼውልሽ። እኔን ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄደህ እውነቱን ተናገር ትያለሽ፣ አንቺ ራስሽ ግን ውሸት ላይ ቆመሻል።

ረድኤት፦ የእኔ ውሸት ሌላ ነው።

በልሁ፦ የሁሉም ሰው ውሸት ሌላ ነው።

ረድኤት፦ ልጁ ዘንድሮ ነው የሚመረቀው። ያለ መንጃ ፈቃድ ነድቶ ሰው ጎዳ ከተባለ ይታሰራል፤ ሁሉ ነገሩ ያበቃል። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ፍሬኑ መበላሸቱ ከተረጋገጠ ጥፋቱ የእኔ አይሆንም። ለዚህ ነው ያንተ ቃል የሚያስፈልገኝ። ገባህ? አንተ አሮጌ ነው ያስገባሁት ትላለህ፣ እኔ ፍሬን አልያዘልኝም እላለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

በልሁ፦ ሁለት እውነት፣ መሃሉ ላይ አንድ ውሸት። እኔ ደግሞ ጋራዤን አዘጋለሁ። ጥሩ አድርገሽ አስበሽበታል።

ረድኤት፦ የሠራኸውን ነው የምትከፍለው።

በልሁ፦ አልከፍልም። እኔ የምላቸውን ልንገርሽ? «ባለቤቷ ቸኮለች፤ እቃው እስኪመጣ አልጠብቅም፣ አሮጌውን መልስልኝ ብላ ራሷ አዘዘችኝ» ነው የምለው።

ረድኤት፦ አላዘዝኩም።

በልሁ፦ ስምንት ጊዜ ደውለሻል። ስልኩ ላይ አለ።

ረድኤት፦ የደወልኩት አለ፤ ያልኩት የለም። ማን ያምንሃል?

በልሁ፦ ምስክር አለኝ።

ረድኤት፦ ማነው ምስክርህ? በርሜሉ?

በልሁ፦ ናሆም።

ረድኤት፦ የትኛው ናሆም?

በልሁ፦ ስንት ናሆም አለሽ? ያንቺው። «እህቴ ራሷ ነች አሮጌውን መልስልኝ ያለችው፣ ስልክ ላይ ስትል ሰምቻለሁ» ብሎ ይመሰክርልኛል።

ረድኤት፦ አብደሃል። ናሆም አንተን አይቶህም አያውቅ፣ ከትናንት በቀር።

በልሁ፦ ከትናንትና ከዛሬ በቀር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩን ሳልከፍት፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ረድኤት፦ ትዋሻለህ። ጠዋት ለፈተና ነው የወጣው።

በልሁ፦ አረንጓዴ ሹራብ፣ እጅጌው ላይ ነጭ መስመር ያለው። ግንባሩ ላይ ፕላስተር። ውሸታም ነኝ አሁን?

ረድኤት፦ ምን ፈልጎ መጣ?

በልሁ፦ ገጹን ቅደድልኝ ብሎ።

ረድኤት፦ ምኑን ገጽ?

በልሁ፦ ይኼ የርክክብ ደብተሬ ነው። እዚህ ያልፈረመ ሰው መኪና አይወስድም፤ አንቺም ስንት ጊዜ ፈርመሻል። ወደዚያ ሁኚ፤ አትንኪው፣ ከዚያው ሆነሽ አንብቢ። የትናንቱን።

ረድኤት፦ «ነጭ ኮሮላ። የፍሬን ጎሚኒ አሮጌው ተመልሷል፤ ጊዜያዊ። እስከ ሐሙስ ከከተማ አትወጣም። ሐረጎ ክልክል። ለወንድሟ በቃል ተነግሯል።»

በልሁ፦ ሥሩን እዪ።

ረድኤት፦ አየሁት።

በልሁ፦ የእሱ ፊርማ አይደለም?

ረድኤት፦ የእሱ ነው። ስሙን ጽፎ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚህ ነው የሚፈርመው።

በልሁ፦ እጁን ይዤ አይደለም ያስፈረምኩት። አንብቦ ነው። «ችግር የለም፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለኝ።

ረድኤት፦ ስደውልለት ቁልፉን ይዟል። «ና ውሰደኝ» ስለው ይኼን ፈርሞ ጨርሷል።

በልሁ፦ ጨርሷል።

ረድኤት፦ «ፍሬኗ አይሆንም ተብያለሁ፣ በታክሲ ነይ» ቢለኝ እኮ…

በልሁ፦ መንዳት አማረው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቁልፍ እጁ ገብቷል።

ረድኤት፦ ትናንት ራት ላይ ቃሌን ያስጠናኝ እሱ ነው። «ፍሬን ረገጥኩ፣ አልያዘም፣ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩ በይ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ፓስታ እየጠቀለለ። ሁለተኛው ላይ «ረገጥኩ የምትዪውን ጠበቅ አድርጊው» ብሎ አረመኝ።

በልሁ፦ አልጠበቀልሽም።

ረድኤት፦ አንተ ደግሞ ይኼን ሁሉ ሰዓት ደብተሩን ለምን ደበቅከው? ተናግሬያለሁ ስትል ለምን አላወጣኸውም?

በልሁ፦ «አሮጌው ተመልሷል» የሚለው በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። ለእሱም ለእኔም ማሰሪያ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት የተስማማነው። ገጹ ይጠፋል፤ እሱ እዚህ መጥቶ አያውቅም፣ እኔም አላየሁትም። አሮጌውን መልስ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ የነዳሽው አንቺ ነሽ።

ረድኤት፦ እኔ ለእሱ ስታሰር፣ እሱ ደግሞ በእኔ ላይ ይመሰክራል።

በልሁ፦ አትታሰሪም። ቅጣት ነው የሚሆነው። መንጃ ፈቃድሽን ይይዙብሻል፣ ዓመት ሁለት ዓመት።

ረድኤት፦ ፍሬኑ አሮጌ መሆኑን እያወቅኩ ሐረጎን ከወረድኩ በቸልተኝነት አይደለም የምከሰሰው፤ አውቄ ነው የሚባለው። ይኼን ናሆም ያውቃል። የሚማረው ሕግ ነው።

በልሁ፦ እሱን አላሰብኩትም።

ረድኤት፦ እሱ አስቦታል። ገጹን ታዲያ ለምን አልቀደድከውም? ጠዋት ተስማምታችሁ የለም እንዴ?

በልሁ፦ እሱ ፊት ቀድጄ ባዶ እጄን ልቀር? ነገ ቢከዳኝስ? የገዛ እህቱን እንዲህ ያደረገ ልጅ እኔንማ እንዴት ይምረኛል? አንቺ እስክትመጪ አቆየሁት።

ረድኤት፦ ምን ልታደርገው?

በልሁ፦ እንድንስማማ። አሁን ሁለታችንም የሌላውን እናውቃለን። አንቺ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂጂና «ባጃጁ ድንገት ቆመብኝ» በይ። እኔ ስጠራ «ፍሬኑ አሮጌም ቢሆን ይሠራ ነበር» እላለሁ። ስለ ናሆም የሚያነሳ የለም። ገጹን አሁን እዚሁ እንቅደደው።

ረድኤት፦ እንድሪስስ?

በልሁ፦ እሱ ባጃጁ ኢንሹራንስ አለው አሉ።

ረድኤት፦ ማን አለ?

በልሁ፦ ይኖረዋላ። ሁሉም አለው።

ረድኤት፦ እግሩ ላይ ብረት ሊያስገቡለት ነው፤ ጠዋት አይቼው መጣሁ። «እህቴ፣ አንቺስ ተጎዳሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እና አሁን ድንገት ቆመ ልበለው?

በልሁ፦ ወይ እሱ ነው፣ ወይ እኛ። ሰዓትሽን እዪ። ስምንት አለፈ።

ረድኤት፦ እሺ።

በልሁ፦ እሺ ምን?

ረድኤት፦ ስጠኝ። የምቀደው እኔ ነኝ።

በልሁ፦ ለምን አንቺ?

ረድኤት፦ አንተ ብትቀደው ነገ ቅጂ አለኝ ትለኛለህ። በእጄ ቀድጄ፣ በእጄ አቃጥዬ ነው የምሄደው። አላመንኩህም፤ ታምነኛለች ብለህ ነበር?

በልሁ፦ አሁን ሰው ሆንሽ። ያዢ። በቀስታ ቅደጂው፤ ስፌቱ እንዳይፈታ፣ የሌላ ሰው ገጽ እንዳይወጣ።

ረድኤት፦ ገጾቹ ብዙ ናቸው።

በልሁ፦ የዓመቱ ነው። ክብሪት እዚያ መሳቢያው ውስጥ አለ… ምን እያደረግሽ ነው?

ረድኤት፦ ቦርሳዬ ጠባብ ነው። ይገባል ግን።

በልሁ፦ ደብተሩን አውጪ።

ረድኤት፦ ስልኬንም አቀብለኝ። ተወው፣ አገኘሁት።

በልሁ፦ እቀደዋለሁ ብለሽ! ዋሸሽኝ!

ረድኤት፦ አዎ፣ ዋሸሁህ።

በልሁ፦ የሰው ሁሉ መኪና ነው እኮ ያለበት! ገጹን ውሰጂ ካልሽ ገጹን ውሰጂ፣ ደብተሩን ተዪልኝ!

ረድኤት፦ ስገልጥ አየሁት። «ጊዜያዊ» የሚል የኔ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሙሉውን ነው የምወስደው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ማታ ከየት እንደሚወርዱ አላውቅም።

በልሁ፦ ልጄ፣ ስሚኝ። ተይ። ተቀመጪ። ወንድምሽ ይታሰራል።

ረድኤት፦ አውቃለሁ።

በልሁ፦ አንቺም እኮ አትድኚም! መንጃ ፈቃድ ለሌለው ልጅ መኪና የሰጠሽ አንቺ ነሽ፣ ትናንት ለፖሊስ የዋሸሽ አንቺ ነሽ!

ረድኤት፦ መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው። አንተ ደርሰህ ሳትነግራቸው።

በልሁ፦ እናትሽስ? እናትሽ ምን ትልሻለች?

ረድኤት፦ አታናግረኝም። ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት። ከመንገዱ ላይ ዞር በል።

በልሁ፦ አልዞርም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው፣ ረድኤት። እለምንሻለሁ። በአንድ ላስቲክ!

ረድኤት፦ ከፈለግክ ቀድመህ ደውልና ለናሆም ንገረው፤ ይዘጋጅ። እኔ አልደውልለትም።

በልሁ፦ ከዚህ አትወጪም ብያለሁ!

ረድኤት፦ በጎንህ አልፌ ወጥቻለሁ እኮ። እጅህን ከበሩ ላይ አንሳ፤ ልዘጋው ነው።